አንዱ ሰርቨር ሲወድቅና ሳይቱ በሙሉ ሲወድቅ፦ የስካይፕ ፎር ቢዝነስ ሰርቨር ዝግጅት

ስካይፕ ፎር ቢዝነስ ሰርቨር የድርጅት የጥሪ፣ የመልእክትና የስብሰባ አገልግሎት ነው። ሎድ ባላንሰር (ጥያቄዎችን ለሰርቨሮች የሚያከፋፍል መሣሪያ) የገዛ ድርጅት ብዙ ጊዜ «ዲአር (ከአደጋ የማገገሚያ ዝግጅት) አለን» ብሎ ይተኛል። ሎድ ባላንሰር የሚያድነው ግን በአንድ ፑል (አንድ ሥራ በጋራ በሚሠሩ የሰርቨሮች ስብስብ) ውስጥ ካሉት ሰርቨሮች አንዱ ሲወድቅ ነው። ዳታ ሴንተሩ እንዳለ ሲጠፋ የሚያስፈልገው ሁለተኛ ፑል፣ በሁለቱ ፑሎች መካከል የሚመላለስ የመረጃ ቅጂ፣ በጊዜው የሚቀየር ዲኤንኤስ (ስምን ወደ አይፒ የሚተረጉመው) እና «አሁን እናሻግር» ብሎ የሚወስን ሰው ነው። ሁለቱ ጉዳዮች የሚገናኙት ስም ላይ ነው። ኮምፒውተሩም ስልኩም የሚጠይቁት ስም እንጂ አይፒ አይደለም። ስለዚህ ተከላው ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዱን ስም ማን እንደሚመልስና መላሹ ሲጠፋ ማን እንደሚተካው በአንድ ሠንጠረዥ ይጻፍ። ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው ነገር ያንን ሠንጠረዥ መሙላት ነው።

የ2015 እና የ2019 እትሞች የማይክሮሶፍት ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ሰርቨሩን በራሱ ግቢ ይዞ መቀጠል የሚፈልግ ድርጅት ወደ ሰብስክሪፕሽን እትሙ መሻገር አለበት። የፑልና የጥንድ ፑል አሠራሩ ግን ያው ነው።

ፑሉ ምልዓተ ጉባኤ ይቆጥራል

ፍሮንት ኢንድ ፑል፣ ተጠቃሚዎችን የሚያስተናግዱት ዋና ሰርቨሮች ስብስብ፣ ከታች የሚሠራው ሰርቨሮቹን በሚያስተባብረው በዊንዶውስ ፋብሪክ ነው። ተጠቃሚዎች በቡድን በቡድን ይከፈላሉ፤ የእያንዳንዱ ቡድን መረጃ በሦስት ሰርቨሮች ላይ ይቀመጣል፣ አንዱ ዋና ሁለቱ ተጠባባቂ። ቡድኑ ሙሉ አገልግሎት የሚያገኘው ከሦስቱ ቢያንስ ሁለቱ ሲነሱ ነው። ከዚያ በታች ከሆነ የቡድኑ ተጠቃሚዎች ውስን አገልግሎት ውስጥ ይገባሉ፤ መደወል ይችላሉ፣ የስም ዝርዝራቸው ግን ባዶ ሆኖ ይታያቸዋል።

ፑሉ ራሱም የራሱ ቁጥር አለው። ከ3 ወይም ከ4 ሰርቨሮች 2፣ ከ5 ወይም ከ6 ሰርቨሮች 3፣ ከ7 ደግሞ 4 መሥራት አለባቸው። ከዚህ ቁጥር ሲያንሱ የቀሩት ሰርቨሮች 5 ደቂቃ ያህል ጠብቀው አገልግሎታቸውን ራሳቸው ይዘጋሉ። ስለዚህ በሁለት ሰርቨር የተሠራ ኢንተርፕራይዝ ፑል በወረቀት ላይ ቢፈቀድም አልመክረውም። መነሻው ሦስት ነው።

ብዙ ሰው የማያየው ሌላው ቁጥር ደግሞ ፑሉ ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ ሲነሳ የሚመጣው ነው። ያኔ አብዛኞቹ ሰርቨሮች መነሳት አለባቸው፦ ባለ 3 ፑል ሦስቱንም፣ ባለ 4 ፑል 3፣ ባለ 5 ፑል 4፣ ባለ 6 ፑል 5 ይፈልጋል። መብራት ጠፍቶ፣ ዩፒኤሱ አልቆ፣ ጄኔሬተሩ እምቢ ብሎ ሁሉም ሰርቨር አንድ ላይ ሲወድቅና መብራት ሲመለስ አንዱ ማሽን ዲስኩ ተበላሽቶ ቢቀር፣ ባለ 3 ፑል «ስታርቲንግ» ላይ ተሰቅሎ ይቀራል። በኢቨንት ሎግ ላይ 32174 ደጋግሞ ይመጣል፤ ትርጉሙ «የተጠቃሚዎቹን ድልድል ስላልጨረስኩ መነሳት አልቻልኩም» ማለት ነው። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ አራተኛ ሰርቨር መጨመር ተገቢ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ የተጠቃሚው ብዛት ባይጠይቀውም እንኳ።

እዚያ ደረጃ ከተደረሰ መፍትሔው ሪሴት-ሲኤስፑልሬጂስትራርስቴት የሚባለውን ትእዛዝ ኮረምሎስሪከቨሪ በሚለው ዓይነት ማስኬድ ነው። ፋብሪኩ የጠፉትን ቅጂዎች መጠበቅ ትቶ ከዳታቤዙ መልሶ ይገነባል። ፉልሪሴት የሚለው ዓይነት ግን ፑሉን ከመሠረቱ ያስጀምረዋል፤ የፑሉን አባላት ሲቀይሩ እንጂ በድንጋጤ ጊዜ የሚነካ አይደለም።

ቨርቹዋል ማሽን ላይ ከሆነ የፍሮንት ኢንድ ሰርቨሮቹ አንድ አስተናጋጅ ማሽን ላይ እንዳያርፉ የሚከለክል ደንብ አስገቡ። ሦስቱም አንድ ብረት ላይ ካሉ ምልዓተ ጉባኤው የይስሙላ ነው። ማሽኑን እየሠራ ከአስተናጋጅ ወደ አስተናጋጅ ማዛወርም አይደገፍም።

ለጥገና ሰርቨር ሲወርድ መጀመሪያ ጌት-ሲኤስፑልአፕግሬድሬዲነስስቴት ፑሉ ለጥገና ዝግጁ መሆኑን ይናገራል። ከዚያ ኢንቮክ-ሲኤስኮምፒውተርፌይልኦቨር ተጠቃሚዎቹን ወደ ሌሎቹ ያዛውራል፤ ሥራው ሲያልቅ ኢንቮክ-ሲኤስኮምፒውተርፌይልባክ ይመልሳል። አንዱን ሳይመልሱ ሁለተኛውን ማውረድ ባለ 3 ፑል ላይ ፑሉን መዝጋት ነው።

ሲፕ በዲኤንኤስ፣ ዌብ በሎድ ባላንሰር

የሲፕ ትራፊክ (የጥሪና የመልእክት ምልልሱ) ሎድ ባላንሰር አያስፈልገውም። የፑሉ ስም በዲኤንኤስ ላይ እንደ ሰርቨሮቹ ብዛት የኤ መዝገብ ይኖረዋል፤ ሦስት ሰርቨር ካለ ሦስት አይፒ። ፕሮግራሙ ሁሉንም አይፒ ተቀብሎ አንዱን በዘፈቀደ ይመርጣል፣ ካልመለሰለት ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ፖርቱ 5061 ነው። ይህ መንገድ ከሎድ ባላንሰሩ ላይ ከባዱን ሸክም ያወርዳል፤ የተበላሸ ነገር ሲፈለግም አንድ መካከለኛ ይቀንሳል።

የዌብ አገልግሎቱ ግን የግድ ሎድ ባላንሰር ይፈልጋል። የአድራሻ ደብተር፣ የስብሰባ መግቢያ ገጽ፣ የሞባይል መተግበሪያ ሁሉ በኤችቲቲፒኤስ ነው የሚሄዱት። እዚህ ላይ ነው የመጀመሪያው የስም ስሕተት የሚሠራው። ቶፖሎጂ ቢልደር (የሰርቨሮቹ ንድፍ የሚዘጋጅበት መሣሪያ) ላይ የውስጥ ዌብ ስሙን ከፑሉ ስም የሚለየውን ሳጥን ሳይነኩ ካለፉ፣ ዌቡም ሲፑም በአንድ ስም ይጠራሉ፤ ያ ስም ደግሞ ወደ ሰርቨሮቹ ቀጥታ ነው የሚመራው። ሎድ ባላንሰሩ ተገዝቶ፣ ተተክሎ፣ አንድም የውስጥ ጥያቄ አያልፍበትም። ስለዚህ ለምሳሌ «ፑል-ሀ» ወደ ሦስቱ ሰርቨሮች፣ «ዌብ-ሀ» ወደ ሎድ ባላንሰሩ አይፒ ይምራ። ስሙ ከተቀየረ በኋላ ቶፖሎጂውን ማሳተም ብቻ አይበቃም፤ በየሰርቨሩ ዲፕሎይመንት ዊዛርድ ሁለተኛውን ደረጃ ድጋሚ ማስኬድና አዲሱን ስም የያዘ ሰርተፊኬት ማውጣት ያስፈልጋል። በሰርተፊኬቱ ውስጥ የሰርቨሩ ስም፣ የፑሉ ስም፣ የውስጥና የውጭ ዌብ ስሞች፣ ሚት (የስብሰባ መግቢያ)፣ ዳይልኢን (በስልክ ስብሰባ የመግቢያ ገጽ) እና ሊንክዲስከቨር (መተግበሪያው ሰርቨሩን የሚያገኝበት ስም) ሁሉም መኖር አለባቸው።

በሎድ ባላንሰሩ ላይ ሁለት የተለያዩ ቨርቹዋል አድራሻዎች ይኖራሉ። ለውስጥ ተጠቃሚ 443 እና 80። ለውጭ ደግሞ ሪቨርስ ፕሮክሲው ከኢንተርኔት በ443 የተቀበለውን ወደ 4443፣ በ80 የተቀበለውን ወደ 8080 ያስተላልፋል። የውጩ ዌብ ገጽ በአይአይኤስ (በዊንዶውስ ዌብ ሰርቨር) ውስጥ ራሱን የቻለ ሳይት ስለሆነ የውጭውን ትራፊክ ወደ 443 መላክ ሰውን የውስጥ አድራሻ ይዞ እንዲዞር ያደርገዋል፤ ስብሰባ ላይ የሚገባ እንግዳ ገጹ ተከፍቶለት መግባት የሚያቅተው አንዳንዴ ከዚህ የተነሳ ነው።

ተጠቃሚን ከአንድ ሰርቨር ጋር ማቆየት ለውስጡ በምንጭ አይፒ ይበቃል። ለውጩ ግን ሁሉም ጥያቄ የሚመጣው ከአንድ የፕሮክሲ አይፒ ስለሆነ ምንጭ አይፒን መጠቀም ጭነቱን በሙሉ አንድ ሰርቨር ላይ ይከምረዋል። ለውጩ በኩኪ ያድርጉት፤ ይህ ደግሞ ሎድ ባላንሰሩ ቲኤልኤሱን ፈትቶ እንደገና እንዲያመሰጥር ይጠይቃል።

የሞባይል መተግበሪያው አንድ ጥያቄ ከፍቶ መልስ እስኪመጣ ረጅም ጊዜ ይጠብቃል። የሎድ ባላንሰሩ ወይም የፕሮክሲው የሥራ ፈት ገደብ ሁለት ሦስት ደቂቃ ከሆነ ግንኙነቱ በየጊዜው ይቆረጣል፣ መልእክት ይዘገያል፣ ባትሪም ያልቃል። ገደቡን 20 ደቂቃ አድርጉት። አድራሻ የሚለውጥ ሎድ ባላንሰር ላይ ደግሞ አንድ አይፒ የሚሸከመው 65,000 ያህል ግንኙነት ብቻ መሆኑን አስቡ።

የጤና ምርመራውን በ443 ብቻ ማሠራት ትልቅ ክፍተት ይተዋል። አይአይኤስ ብቻውን ቆሞ የፍሮንት ኢንድ አገልግሎቱ ሊሞት ይችላል፤ ሎድ ባላንሰሩ ሰርቨሩን «ጤነኛ» ይለዋል፣ ተጠቃሚው ስሕተት ያያል። ምርመራው 443ንም 5061ንም አንድ ላይ ይጠይቅ፤ አንዱ ካልመለሰ ሰርቨሩ ከዝርዝር ይውጣ።

ኤጅ

ስለ ኤጅ ፑል፣ ከድርጅቱ ውጭ ያሉ ተጠቃሚዎችን ስለሚያገናኙት ሰርቨሮች፣ አጭር ልበል። የውስጥና የውጭ ገጹ አንድ ዓይነት መንገድ መከተል አለባቸው፤ በውስጥ ዲኤንኤስ፣ በውጭ ሎድ ባላንሰር የሚባል ቅይጥ አይደገፍም። በዲኤንኤስ ከሆነ የውጭ አድራሻዎቹ ከናት (አድራሻ ቀያሪ) ጀርባ መሆን ይችላሉ፤ በሎድ ባላንሰር ከሆነ ግን የኤቪ (የድምፅና የቪዲዮ) አድራሻው በቀጥታ ከኢንተርኔት የሚደረስ አይፒ መሆን አለበት። ከውጭ የሚከፈቱት በዋናነት 443፣ ዩዲፒ 3478 እና ለፌዴሬሽን (ከሌሎች ድርጅቶች ጋር ለመገናኘት) 5061 ናቸው። ከውስጥ ወደ ኤጅ የሚሄደው የ4443 ሪፕሊኬሽን (የኮንፊገሬሽን ቅጂ) ወደ እያንዳንዱ ኤጅ ሰርቨር በስሙ ይድረስ፤ በጋራ አድራሻ ካለፈ አንዱ ኤጅ ሲታደስ ሌላው በአሮጌ ኮንፊገሬሽን ይቀራል።

ሁለተኛው ሳይት

በመጀመሪያ የሚደረገው ስሕተት አንዱን ፑል ለሁለት ሳይት መዘርጋት ነው፤ ሁለት ፍሮንት ኢንድ እዚህ፣ ሁለት እዚያ። በቀድሞው እትም በሊንክ 2010 ላይ በከተማ ርቀት ይህ ይፈቀድ ነበር፤ ከ2013 ጀምሮ ቀርቷል። ሳይቶቹን የሚያገናኘው መስመር ሲቆረጥ ምልዓተ ጉባኤው ይከፈልና ሁለቱም ወገን ይቸገራል። የሚደገፈው ራሳቸውን የቻሉ ሁለት ፑሎችን ማጣመር ነው፦ ኢንተርፕራይዝ ከኢንተርፕራይዝ፣ ስታንዳርድ ከስታንዳርድ፣ አንድ እትም ከአንድ እትም።

ጥንዶቹ ሁለቱም በሥራ ላይ ቢሆኑ ይሻላል፤ ግማሹ ተጠቃሚ እዚህ፣ ግማሹ እዚያ። ዝም ብሎ የሚጠብቅ ፑል ሰርተፊኬቱ ካለፈ ቆይቶ የሚታወቀው በሚያስፈልግበት ቀን ነው። አቅሙን ግን በድምሩ ያስቡ። የማይክሮሶፍት ስሌት በአንድ ፍሮንት ኢንድ 6,660 ተጠቃሚ ያህል ነው። በየሳይቱ 6,000 ሰው ካለ በአደጋ ቀን አንዱ ፑል 12,000 ይሸከማል፤ በአቅም 2 ሰርቨር ይበቃል፣ በምልዓተ ጉባኤ ግን 3 ያስፈልጋል።

ማጣመሩ ቶፖሎጂ ቢልደር ላይ በፑሉ ንብረቶች ውስጥ ሬዚሊየንሲ በሚለው ክፍል ነው። ተጓዳኙን ፑል ይመርጣሉ፣ የድምፅ አውቶማቲክ ፌይልኦቨርን (ወደ ተጓዳኙ መሻገርን) ያበራሉ። መነሻው 300 ሰከንድ ለመለየት፣ 600 ሰከንድ ለመመለስ ነው። የፋይበር መቆረጥ ብርቅ ባልሆነበት አገር 300ውን ማሳጠር አያዋጣም። ከዚያ ቶፖሎጂው ይታተማል፣ በሁለቱም ፑሎች ባሉ ፍሮንት ኢንዶች ሁሉ ዲፕሎይመንት ዊዛርዱ ድጋሚ ይሄዳል፤ የባክአፕ አገልግሎቱ የሚጫነው ያኔ ነው። አገልግሎቱን ካስነሱ በኋላ በሁለቱም አቅጣጫ ኢንቮክ-ሲኤስባክአፕሰርቪስሲንክ አንዴ ይሂድ። ማዕከላዊ ማኔጅመንት ስቶሩን (የመላው ሥርዓት ኮንፊገሬሽን የሚቀመጥበትን) የያዘው ፑል ሲጣመር ደግሞ በተጓዳኙ ኤስኪውኤል ላይ የማዕከላዊ ዳታቤዙ መትከያ ቀድሞ መደረግ አለበት፤ ይህች ደረጃ ከተዘለለች በአደጋ ቀን ስቶሩ የሚሻገርበት ቦታ የለም።

የባክአፕ አገልግሎቱ መረጃውን ወደ ፋይል ስቶር ይጽፍና በኤስኤምቢ (በፋይል መጋሪያው መንገድ፣ ፖርት 445) ወደ ተጓዳኙ ያሻግረዋል። የፋየርዎል ባልደረባዎ 5061ን ከፍቶ 445ን ሊዘነጋ ይችላል፤ ጥንዶቹ የተጣመሩ ይመስላሉ፣ ቅጂው ግን አይሄድም። ይህን የሚያጋልጠው ጌት-ሲኤስባክአፕሰርቪስስታተስ ነው። የላኪው ሁኔታ «ስቴዲስቴት»፣ የተቀባዩ «ኖርማልስቴት» ሊል ይገባል። ሌላ ከመለሰ ዲአር የለም ማለት ነው። በየማለዳው በራሱ እየሄደ ውጤቱን የሚልክ ስክሪፕት አድርጉት።

በዕለቱ

የመጀመሪያውን ሳይት ሀ (ፑል ሀ)፣ ሁለተኛውን ሳይት ለ (ፑል ለ) እንበል። ሳይት ሀ ከጠፋ ከ5 ደቂቃ ገደማ በኋላ ማንም ምንም ሳይነካ የሚሆነው ይህ ነው፦ ፑል ለ የፑል ሀ ምልክት መጥፋቱን አይቶ ተጠቃሚዎቹን በውስን አገልግሎት ይቀበላል። ጥሪ ይሠራል፤ የስም ዝርዝርና ስብሰባ የለም። ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ በሰው እጅ ነው። ማይክሮሶፍት የሚጠቅሰው የ15 ደቂቃ የመመለሻ ዒላማ የሚቆጠረው ትእዛዙ ከተሰጠ በኋላ ነው። ሥራ አስኪያጁን ለማግኘት የፈጀው አንድ ሰዓት ከዚያ ውጭ ነው። ስለዚህ ማን እንደሚወስንና ከስንት ደቂቃ በኋላ እንደሚወስን በጽሑፍ ይቀመጥ።

ከመወሰን በፊት አንድ ማጣሪያ አለ። ሳይት ሀ ነው የሞተው ወይስ መስመሩ ብቻ ነው የተቆረጠው? ከሳይት ለ ሲታይ ሁለቱም አንድ ናቸው። መስመሩ ብቻ ከሆነ የሳይት ሀ ሰዎች በራሳቸው ፑል እየሠሩ ነው፤ በአደጋ ስልት ማሻገር በሕይወት ያለን ፑል እንደሞተ መቁጠር ይሆናል። እዚያ ላለ ሰው በሞባይል ይደወል።

ሳይቱ በእርግጥ ከሞተ ቅደም ተከተሉ አይለወጥም። መጀመሪያ ማዕከላዊ ማኔጅመንት ስቶሩ የማን እንደነበር ይጣራል፤ የሞተው ፑል ከነበረ ኢንቮክ-ሲኤስማኔጅመንትሰርቨርፌይልኦቨር የተጓዳኙን ኤስኪውኤል ስምና ኢንስታንስ ይዞ በፎርስ ይሄዳል፣ ሪፕሊኬሽኑ እስኪስተካከል ይጠበቃል። ሁለተኛ፣ በሕይወት ያለ ኤጅ ቀጣዩን መዳረሻ የሞተው ፑል አድርጎ ከያዘ በሴት-ሲኤስኤጅሰርቨር ወደ ፑል ለ ይዞራል። ሦስተኛ ኢንቮክ-ሲኤስፑልፌይልኦቨር በዲዛስተርሞድ። ለጥገና በዕቅድ ሲሻገር ዲዛስተርሞድ አይጨመርም። የመጀመሪያውን ዘሎ ሦስተኛውን መጀመር በስሕተት መልእክት መመለስ ነው።

ከዚያ ስሞቹ። ሚት፣ ዳይልኢን፣ ሊንክዲስከቨር እና የውጭ ዌብ ስሞች አሁንም ወደ ሳይት ሀ እየጠቆሙ ነው። የቦታ ምርጫ የሚያውቅ ዲኤንኤስ ካለ እነዚህ ስሞች ሁሉ ወደሱ በሲኔም (ስምን ወደ ሌላ ስም በሚመራ መዝገብ) ይታሰሩና መጀመሪያ ፑል ሀ፣ ካልመለሰ ፑል ለ ይበል። ከሌለ በእጅ ይቀየራሉ፤ ለዚህም የመቆያ ጊዜያቸው ቀድሞ ወደ 5 ደቂቃ መውረድ አለበት። 24 ሰዓት ከሆነ ፑሉ በሩብ ሰዓት ተሻግሮ ሞባይሉ እስከ ነገ ይጠብቃል። የውጭ ዲኤንኤሱን የሚያስተዳድረው የይለፍ ቃል ሳይት ሀ ውስጥ ብቻ እንዳይቀመጥ። የፌዴሬሽን መንገድ በአንድ ጊዜ በአንድ ኤጅ ብቻ ስለሚያልፍ እሱም ቶፖሎጂ ላይና በውጭ ኤስአርቪ (የአገልግሎት አድራሻ) መዝገብ ላይ ይዞራል።

ሳይሻገሩ የሚቀሩም አሉ። የሪስፖንስ ግሩፕ፣ ማለትም የጥሪ ማዕከል ወረፋዎች፣ በባክአፕ አገልግሎቱ አይቀዱም። ኤክስፖርት-ሲኤስአርጂኤስኮንፊገሬሽን በየጊዜው ተሠርቶ ፋይሉ ሳይት ለ ላይ ይቀመጥ፤ በአደጋ ቀን ወደ ፑል ለ ይገባል። ለጊዜው የሚገባ ከሆነ ኦቨርራይትኦውነር አይጨመር፤ ባለቤትነቱን ያዛውርና ሲመለሱ ያስቸግራል። የወረፋ ስሞች በሁለቱ ፑሎች አንድ ከሆኑ ማስገባቱ ይጋጫል፤ «መረጃ» የሚል ወረፋ በሁለቱም ሳይት እንዳይኖር።

የውጭ ስልክ መስመርም እንዲሁ። ጌትዌዩ (ከስልክ መስመሩ ጋር የሚያገናኘው መሣሪያ) ወደ ሁለቱም ሚዲዬሽን ፑሎች (ጥሪውን ከጌትዌዩ ጋር የሚያገናኙት ሰርቨሮች) ትራንክ (የጥሪ መስመር) ይኑረው፣ የድምፅ መንገዱም ሁለቱን ሳይቶች ጌትዌይ ይያዝ። ጌትዌዩ የፑሉን ስም ጠይቆ ከተሰጡት አይፒዎች የመጀመሪያውን ብቻ የሚይዝ ዓይነት ከሆነ ሰርቨሮቹን አንድ በአንድ ይመዝግቡለት፤ በሲፕ ኦፕሽንስ እየጠየቀ የማይመልሰውን እንዲዘል ያድርጉ። ከቴሌኮሙ የሚመጣው መስመር ሳይት ሀ ላይ ብቻ ካረፈ ግን በሰርቨር በኩል የሚደረግ ነገር የለም፤ በመስመር ውሉ ላይ የሚፈታ ነው።

መመለሱ ኢንቮክ-ሲኤስፑልፌይልባክ ነው። ሳይት ሀ እንደተነሳ ወዲያው አይሁን፤ የፑል ሀ አገልግሎቶች በሙሉ ተነስተው፣ የባክአፕ ሁኔታው በሁለቱም አቅጣጫ ጤነኛ ሆኖ፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ ይደረግ። በመመለሱ ጊዜ ተጠቃሚዎቹ እንደገና ወደ ውስን አገልግሎት ስለሚገቡ የአንድ ሰዓት ገደማ ክፍተት ያስለቅቁ። ስሞቹን፣ የኤጁን ቀጣይ መዳረሻና የፌዴሬሽን መንገዱን መልሰው ያዙሩ። በአደጋው ጊዜ ፑል ለ ላይ በሪስፖንስ ግሩፕ የተለወጠ ነገር ካለም ከዚያ ወጥቶ ወደ ፑል ሀ ይግባ። ማዕከላዊ ስቶሩ ግን በራሱ አይመለስም፤ ፑል ለ ላይ ቢቆይ የሚጎዳው ነገር ስለሌለ ሌላ ቀን ሊመለስ ይችላል።